ለክፍለ ከተማው ስለምናቀርበው የጋራ ፕሮፖዛል፦ የልጆቻችን የባሕርይና የስሜት ችግሮች

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ በቱሉ ዲምቱና በቂሊንጦ ኮንዶሚኒየሞች ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች የምናሳድግ ወላጆች ለአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የምናቀርበው ረቂቅ ዋና ጥያቄው አንድ የተሟላ የሕክምናና የመጫወቻ ክፍል እንዲሰጠን ነው። ከመፈረማችን በፊት አስተያየታችሁን እንድታሰፍሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ፦ ክፍሉን አልቃወምም፤ ሆኖም ልጆቻችን ራሳቸውን የሚመቱበትን፣ የሚናከሱበትንና የሚጮኹበትን ምክንያት ለይተን እንድናውቅ የሚያግዘን ሥራ ሊቀድም ይገባል ባይ ነኝ። የእኔ ልጅ አይናገርም። መንጋጋውን በጡጫ መምታት በጀመረ ጊዜ ያየው ሁሉ «ጥጋብ ነው፣ ቆንጠጥ አድርጊው» ይለኝ ነበር፤ በመጨረሻ የጥርስ ሐኪም አፉን አስከፍቶ ሲያየው ክፉኛ የተቦረቦረ ጥርስ ተገኘበት፤ ጥርሱ ከተነቀለ በኋላም መምታቱን ተወ። የጆሮ ሕመም፣ የሆድ ድርቀትና የእንቅልፍ ማጣትም በባሕርይ ብቻ የሚገለጡበት ጊዜ ስላለ፣ የጤና ምርመራ የመጀመሪያው አንቀጽ ይሁንልን።

የልዩ ፍላጎት መምህርት፦ እህታችን ያሉትን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። በተጨማሪም ከድርጊቱ በፊት ምን እንደነበረ፣ ልጁ ምን እንዳደረገና ከዚያ በኋላ ምን እንደተከተለ በየዕለቱ በደብተር የመመዝገብ ልማድ በፕሮፖዛሉ ይካተት። አንድ ተማሪዬ እጁን የሚነክሰው እንዲያው ያለ ምክንያት ይመስለን ነበር፤ ደብተሩን ስናገላብጥ ግን መብራት ጠፍቶ ከአጥሩ ማዶ ያለው ሱቅ ጄኔሬተር በሚያስነሣባቸው ቀናት ብቻ መሆኑን ተረዳን። መቀመጫውን ወደ ሌላው ጥግ ስናዛውረውና የጆሮ መከላከያ ስንሰጠው መናከሱ በእጅጉ ቀነሰ። ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያለው ጭንቀትም ይታሰብበት፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የጥናቶች ግምገማ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆችና ወጣቶች 40 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ ዓይነት የጭንቀት ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል።

አባት፣ ከቂሊንጦ፦ መድኃኒትስ ለምን አልተጠቀሰም?

ነርስ፣ የማኅበሩ አባል፦ ወንድማችን፣ ሪስፐሪዶን የተባለው መድኃኒት ከ5 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ቁጣንና ራስን መጉዳትን ለማርገብ እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ይሁን እንጂ ኦቲዝምን ራሱን አያክምም፣ ክብደትም ስለሚጨምር ያለ ሐኪም ክትትል ሊወሰድ አይገባም። እኔ የማስቀድመው የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውንና በሀገራችንም የተሞከረውን የአሳዳጊዎች ሥልጠና ነው። ዘጠኝ የቡድን ስብሰባዎችና ሦስት የቤት ጉብኝቶች ያሉት ሲሆን ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ወላጆች የታሰበ ነው፤ ስፔሻሊስት ያልሆኑ ሰዎች ተዘጋጅተው ሊሰጡት መቻላቸውም እንደኛ ላለ የከተማ ዳርቻ ትልቅ ዕድል ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት፣ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የሚያገለግለው የጆይ ማዕከል ባለውለታችን ነው፤ ነገር ግን ግፊያና ጩኸት የሚያውከው ልጅ ታክሲ እየቀያየረ ከዚህ መሐል ከተማ እስኪደርስ ድረስ አቅሙ ያልቃል።

እናት፣ ከቂሊንጦ፦ በሥልጠናው ሰዓት ልጆቹን የሚጠብቅልን ካልተገኘ ግን አብዛኞቻችን መምጣት አንችልም። የጠባቂዎች አበል በበጀቱ ይያዝ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ይያዛል። እንግዲህ ምርመራው አንደኛ፣ ሥልጠናውና የደብተር ምዝገባው ሁለተኛ፣ ክፍሉ ሦስተኛ ሆኖ ረቂቁ ይስተካከላል። የምዝገባውን ቅጽ መምህርታችን፣ የሥልጠናውን ዝርዝር ነርሳችን አዘጋጅተው እስከ እሑድ እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ።