ሞዴሌ 99 በመቶ ያመጣል፣ ሰንዳፋ ላይ ግን ጤፉን ከስንዴ አይለይም

የሰንዳፋ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? ለመመረቂያ ሥራዬ በሃይፐርስፔክትራል ምስል (ብርሃኑን ባንድ በሚባሉ ብዙ ጠባብ የሞገድ ክፍሎች ከፋፍሎ በሚያሳይ ምስል) ሰብል እየለየሁ ነው። ኢንዲያን ፓይንስ በሚባለው የታወቀ መሞከሪያ ምስል ላይ 3ዲ ሲኤንኤን (ምስል የሚለይ የኒውራል ኔትወርክ ሞዴል) አሠልጥኜ ትክክለኛነቱ 99 በመቶ ደረሰልኝ። ከዚያ እዚሁ ሰንዳፋ ዙሪያ የተነሳ የጀርመኑን የኤንማፕ ሳተላይት ምስል አወረድኩ፣ ራሴ የሰበሰብኳቸውን የጤፍ፣ የስንዴና የባህር ዛፍ ነጥቦች ይዤ እንደ አዲስ አሠለጠንኩት። ጉድ ሠራኝ! ጤፉን ስንዴ፣ ባህር ዛፉን ቆርቆሮ ቤት ይለዋል። ሞዴሉ ላይ ሌየር (ንብርብር) ልጨምር ወይስ ትራንስፎርመር ወደሚባለው ሌላ የሞዴል ዓይነት ልሂድ?

ጥቁር አፈር፦
ሌየሩን ተወው ወንድሜ። መጀመሪያ 99ኙን ጠርጥር። ፒክስሎቹን ለትሬይን (ለማሠልጠኛ) እና ለቴስት (ለመፈተኛ) በዘፈቀደ ነው አይደል የከፈልካቸው? ኢንዲያን ፓይንስ እኮ እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ ኢንዲያና ላይ ከአውሮፕላን የተነሳች 145 በ145 ፒክስል የሆነች አንዲት ምስል ናት። ሞዴልህ ደግሞ አንዱን ፒክስል ብቻ አያይም፣ ዙሪያውንም አብሮ ቆርጦ ይወስዳል፤ ስለዚህ ለቴስት ያስቀመጥከው ፒክስል ጎረቤቱ ለትሬይን ሲቆረጥ አብሮ ገብቷል። ፈተናው ተሰርቋል በለው። ምስሉን በቦታ ከፍለህ ድገመውና ቁጥሩ ሲወርድ ታያለህ። አጃ የሚባለው ክፍል ደሞ ጠቅላላው 20 ፒክስል ነው፣ እሱን ከምንም አትቁጠረው።

የሰንዳፋ ልጅ፦
አዎ በዘፈቀደ ነው፣ ያገኘሁት ኮድ እንደዚያ ነበር። ሰንዳፋውስ?

ለገጣፎ ማዶ፦
የኤንማፕ አንድ ፒክስል 30 በ30 ሜትር ነው፣ 900 ካሬ። የኛን አካባቢ ማሳ ታውቀዋለህ። ጤፉ አጠገብ ሽምብራ፣ ድንበሩ ላይ አንድ ረድፍ ባህር ዛፍ፣ ከሱ ቀጥሎ አዲስ የተመታ ቆርቆሮ ቤት። ሁሉም አንድ ፒክስል ውስጥ ይወድቃሉ፣ አንተ ግን "ባህር ዛፍ" ብለህ ትመዘግበዋለህ። መንገድ ዳር ቆመህ ነጥብ አትውሰድ፣ ሰፊ ማሳ ፈልገህ መሃሉ ግባ። ምስሉ የመቼ ነው?

የሰንዳፋ ልጅ፦
የጥር መጀመሪያ።

ለገጣፎ ማዶ፦
ኧረ በጥር ምን ጤፍ አለ! ታጭዶ አልቋል እኮ፣ ስንዴውም እንደዚያው። ቃርሚያና ጥቁር አፈር ነው እንዲለይልህ የሰጠኸው። ክረምቱን ደመና አያስገባህም፣ የጥቅምት ምስል ፈልግ።

ጥቁር አፈር፦
በጥቅምት ካጣህ የአውሮፓው ሳተላይት ሴንቲኔል 2 አለልህ። ባንዱ 13 ብቻ ቢሆንም የዋና ዋናዎቹ ፒክስል 10 ሜትር ነው፣ በየ5 ቀኑም ይመለሳል፤ ሰብሉ ሲያድግ እየተከታተልክ መለየት ትችላለህ። በኤንማፕ ከቀጠልክ ደግሞ 1400 እና 1900 ናኖሜትር አካባቢ ያሉትን ባንዶች ጣላቸው፣ የአየሩ እርጥበት ብርሃኑን ስለሚውጠው ጫጫታ ብቻ ነው የሚተርፍህ። ከዚያ መጀመሪያ ራንደም ፎረስት (ብዙ የውሳኔ ዛፎችን አጣምሮ የሚሠራ ቀለል ያለ ሞዴል) ሞክር። ሲኤንኤንህ እሱን ካልበለጠ ጂፒዩ (የማሠልጠኛውን ቺፕ) አታቃጥል።

የሰንዳፋ ልጅ፦
ትራንስፎርመሩስ?

ጥቁር አፈር፦
ስንት ነጥብ አለህ? መቶ ካልሞላ እንዳታስበው።