ሽያጭን በወቅቱ ከነበረው የነዳጅ ዋጋ ጋር በፓንዳስ ማገናኘት

የማደያ ሒሳብ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሁለት ነዳጅ ማደያዎችን ሒሳብ ነው የምሠራው፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ደብረ ብርሃን። ከፓምፖቹ የሚወጣው ፋይል ሰዓት፣ ምርትና ሊትር እንጂ ብር የለውም። ዋጋው ለብቻው ሰንጠረዥ ነው፤ እዚያ ላይ ያለውም ዋጋ የተለወጠበት ቀን ብቻ ነው። ለምሳሌ አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን መስከረም 2017 መጨረሻ 91.14 ብር ገባ፣ ታኅሣሥ መጨረሻ 101.47 ሆነ። በመሀል ምንም መስመር የለም።

ሁለቱን ሰንጠረዦች በፓንዳስ (የፓይተን የሰንጠረዥ መሥሪያ) በቀን መርጅ ሳደርግ፣ ማለትም ሳገጣጥም፣ ዋጋ የሚያገኘው የለውጡ ዕለት ሽያጭ ብቻ ነው፤ ሌላው ባዶ ይቀራል። በምርት ብቻ ካደረግኩት ደግሞ አንዱ ሽያጭ ከሁሉም ዋጋ ጋር ተጣምሮ ፋይሉ ያብጣል። ጉድለት ሲመጣ ከደሞዙ የሚቆረጥበት ቀጂው ስለሆነ በግምት መሥራት አልፈልግም።

ፓይተን ወዳድ፦
እህቴ፣ የሚያስፈልግሽ የፓንዳስ (በኮዱ ፒዲ) መርጅ_አስኦፍ ነው። ከእያንዳንዱ ሽያጭ ሰዓት ወደ ኋላ ሄዶ የመጨረሻውን የዋጋ ለውጥ ያመጣልሻል።

ፒዲ.መርጅ_አስኦፍ(ሽያጭ, ዋጋ, ኦን="ጊዜ", ባይ=["ከተማ", "ምርት"])

ከተማውን አትተዪው፣ በማጓጓዣው ምክንያት የችርቻሮ ዋጋው ከከተማ ከተማ ይለያያል። ሁለቱንም ሰንጠረዥ አስቀድመሽ በ"ጊዜ" ብቻ ደርድሪ። ብዙ ሰው መጀመሪያ በምርት፣ ከዚያ በጊዜ ይደረድርና "አልተደረደረም" የሚል ኤረር ይመጣበታል። ቶለራንስ የሚባለውን (ወደ ኋላ የሚሄድበትን የጊዜ ገደብ) አትንኪው፤ ዋጋ ለወራት ሳይለወጥ ሊቆይ ስለሚችል ትክክለኛውን ዋጋ ያስጥልሻል።

ሌሊት 6፦
ኮዱ ልክ ነው። እኔ የምፈራው የዋጋ ሰንጠረዡን ነው። የዋጋ ማስታወቂያ "ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ" ሲል የሞላው ሰው 06:00 ብሎ አስገብቶት ከሆነ፣ ለፓንዳስ ያ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። በመሀል የተቀዳው ሁሉ በአሮጌው ዋጋ ይሰላል፤ ባነሳሽው ቤንዚን ላይ በሊትር 10.33 ብር ልዩነት ማለት ነው። መግባት ያለበት 00:00 ነው፣ ያውም በሚነጋው ቀን።

ሌላው ቀኑ ነው። ፓንዳስ የኛን አቆጣጠር አያውቅም፣ ግን ዝም ብሎ ይቀበላል። 28/01/2017 ብለሽ መስከረም 28ን ብትሰጪው የፈረንጆቹ ጃንዋሪ ያደርገዋል። 05/13/2016 ብለሽ ጳጉሜን 5ን ብትሰጪው ፎርማት ካልነገርሽው ሜይ 13 ነው የሚለው፤ ኤረር እንኳ አይሰጥሽም። አስቀድመሽ ቀይሪ። መቀየሪያሽን በመስከረም 1 ቀን 2016 ሞክሪው፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 መስጠት አለበት። 11 ካለሽ የ2015ን ጳጉሜን 6 ዘሎታል።

የማደያ ሒሳብ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሠራ። የደብረ ብርሃኑ ሰንጠረዥ በእርግጥም 06:00 ይል ነበር፤ ሳስተካክለው የሌሊት ፈረቃው ልዩነት ጠፋ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ሽያጮች አሁንም ዋጋ የላቸውም። በቢፊል (ባዶውን ቀጥሎ በሚመጣው ዋጋ በሚሞላው) ልሙላቸው?

ፓይተን ወዳድ፦
በፍጹም። ቢፊል ገና ያልወጣ ዋጋ ነው የሚሰጣቸው። እነሱ ከሰንጠረዥሽ የመጀመሪያ መስመር በፊት የተሸጡ ናቸው፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ዋጋ ፈልገሽ አንድ መስመር ጨምሪና እንደገና አስኪጂው።