ከቦሌ ዋሽንግተን ደለስ፦ በትኬቱ 9 ሰዓት ተኩል ይመጣል፣ ትክክለኛው ስንት ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ጁላይ 12 (ሐምሌ 5) ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን ደለስ ትበራለች። ትኬቷ መነሻ 22:30፣ መድረሻ በማግስቱ 08:00 ይላል፤ ሲቀነስ 9 ሰዓት ተኩል ነው። የመመለሻው ደግሞ ከ11:00 እስከ ማግስቱ 07:00፣ 20 ሰዓት። አንድ መንገድ እንዴት እንዲህ ይለያያል? ኢንሱሊን በሰዓቱ ስለምትወስድ በትክክል ማወቅ አለብኝ።

መልስ 1፦
እህቴ፣ ትኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ስለሆነ እንዲሁ አይቀነስም። በጁላይ አዲስ አበባ በ7 ሰዓት ትቀድማለች። 08:00 ላይ 7 ስትጨምሪ የአዲስ አበባ 15:00 ይሆናል፤ ከ22:30 እስከዚያ 16 ሰዓት ተኩል ነው። ሲመለሱ 11:00 ሲደመር 7፣ 18:00፤ እስከ 07:00 ድረስ 13 ሰዓት። ረጅሙ እንግዲህ መሄጃው ነው። ከኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ እስከ ማርች ሁለተኛ እሑድ ግን 8 ጨምሪ።

መልስ 2፦
የ3 ሰዓት ተኩሉ ልዩነት የመጣው ከቦሌ ከፍታ ነው። ሜዳው 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያጣሉ። ሙሉ ተሳፋሪና ለ11,560 ኪሎ ሜትር የሚበቃ ነዳጅ አንድ ላይ ይዞ መነሳት ስለሚከብድ፣ ቀለል ብሎ ይነሳና መንገድ ላይ ይሞላል። ደለስ 95 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ሲመለስ ሞልቶ ይነሳል፣ ሳያርፍም ቦሌ ይገባል። ከላይ ያለው ነፋስም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ሲሄድ ከፊት ይገታዋል፣ ሲመለስ ከኋላ ይገፋዋል።

ጠያቂዋ፦
አመሰግናለሁ። ደብሊን (አየርላንድ) አርፎ ይሞላል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ነዳጅ የሚሞላው ሎሜ (ቶጎ) ቢሆን አይቀርብም? ደብሊን በካርታው ላይ በጣም ወደ ሰሜን ነው።

መልስ 2፦
ጠፍጣፋ ካርታ እዚህ ላይ ያሳስታል። ሉል ላይ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ክር ወጥሪ፤ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ አልፎ ስፔንንና ፖርቱጋልን ያቋርጣል። በደብሊን 6,365 ሲደመር 5,465፣ 11,830 ኪሎ ሜትር ነው፤ ትርፉ 270 ብቻ። በሎሜ 4,150 ሲደመር 8,600፣ 12,750 ይሆናል። ማረፊያውን የሚወስነው ግን አየር መንገዱ ስለሆነ ትኬቱ ላይ የተጻፈውን እዪ።

መልስ 3፦
ሁለት ነገር ልጨምር። 22:30 ከምሽቱ 4:30 ነው፤ ይህ ግልጽ ነው። በረራው ወደ 00:30 ቢዛወር ግን ቀኑ ጁላይ 13 ተብሎ ይጻፋል፣ ኤርፖርት የሚኬደው ግን በጁላይ 12 ማታ ነው። እኛ ቀኑን ከንጋት ስለምንቆጥር ብዙ ሰው በረራ የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው።

ኢንሱሊኑ በእጅ ቦርሳ ይሁን፤ በሻንጣ ከተላከ ዕቃ ክፍል ውስጥ ቀዝቅዞ ሊበላሽ ይችላል። የእጅ ሰዓታቸውን እስኪያርፉ ድረስ አይንኩት፣ በአዲስ አበባ ሰዓት ይቆይ። ከደረሱ በኋላ መጠኑ ወደ ዋሽንግተን ሰዓት እንዴት እንደሚዛወር ግን ሐኪማቸው ከመነሳታቸው በፊት በወረቀት ይጻፍላቸው፤ የ16 ሰዓት ተኩሉን ጉዞና የ7 ሰዓቱን ልዩነት ንገሩት።