ዲሴምበር 25 ወይስ ታኅሣሥ 29? ልጆቻችን የቱን ገና ያክብሩ?

የሁለት ልጆች እናት (ሜሪላንድ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ «ማሚ፣ ኢየሱስ ሁለቴ ነው እንዴ የተወለደው?» አለኝ። ሳቅኩ፣ ግን መልስ አጣሁ። በ25 ጎረቤቱ ሁሉ ስጦታ ይከፍታል፤ እኛ ጾም ላይ ነን፣ ሽሮ። ታኅሣሥ 29 ሲደርስ ደግሞ እሱ ክፍል ውስጥ፣ እኔ ሥራ ላይ። ለምን በ25 አክብረን አንገላገልም?

ባለ ነጠላው፦ እህቴ፣ ሁለቴ አልተወለደም፤ ሁለት የሆነው ካላንደሩ ነው። የእኛ ታኅሣሥ 29 በድሮው በጁልየስ አቆጣጠር ራሱ ዲሴምበር 25 ነው። የሮማው ፖፕ ጎርጎርዮስ በፈረንጅ 1582 አቆጣጠሩን ስላስተካከሉ ዛሬ በ13 ቀን ተራርቀናል። በዚያ ላይ ቤተ ክርስቲያን ከፅንሰቱ ነው የምትቆጥረው፤ ከመጋቢት 29 ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን። ጳጉሜን 6 ስትሆን በዓሉ 28 ላይ የሚውለውም ለዚህ ነው፣ በ2016 እንዳየነው።

ጴንጤ ነኝ፦ ስሌቱ ጥሩ ነው ወንድሜ። ግን ወንጌሉ ቀን አልጻፈም። ሉቃስ የጻፈው ግርግም፣ መጠቅለያ ጨርቅ፣ በሌሊት መንጋ የሚጠብቁ እረኞች ነው። ቃል ሥጋ ሆነ፤ ነገሩ ይሄ ነው። ይህን ነግራው በ25 ብታከብርለት ምን ክፋት አለው?

ባለ ነጠላው፦ እሱንማ ማን ይክዳል? ምሥጢረ ሥጋዌ ብለን ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር እንቆጥረው የለ! ግን ከኅዳር 15 ጀምሮ የምንጾመው ጾመ ነቢያት ይባላል። እነሱ ይወለዳል ብለው የጠበቁትን እኛም በሆዳችን እንጠብቃለን። መሀል ላይ ኬክ ከተቆረሰ ጥበቃው የት ሄደ?

አራዳው፦ የፈረንጅ ዛፍ አትበሉ ብቻ። አዲስ አበባ ጥድ ላይ ጥጥ እየለጠፍን በረዶ ስናስመስል ያደግን ነን። በረዶ ማን አይቶ! ከሰዓት ደግሞ ሩር፣ የገናን ኳስ፣ በዱላ ስንማታ እንፈነካከታለን፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ነው።

ከገልፍ፦ ትምህርት ቤት፣ ሥራ ትላላችሁ። እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ያለፈውን ገና አሠሪዎቼ ሲተኙ ኩሽና ቆሜ በስልክ ላሊበላን አየሁ። ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ ግማሾቹ ከላይ፣ ግማሾቹ ከታች ሆነው «ቤዛ ኩሉ ዓለም ዮም ተወልደ»፣ የዓለም ሁሉ ቤዛ ዛሬ ተወለደ፣ ይባባላሉ። ድምፁን እስከ መጨረሻ ቀንሼዋለሁ። ዶሮ የለ፣ ቡና የለ፤ ዳቦ በሻይ ነው የፈሰክሁት። «በእንግዶችም ማደሪያ ስፍራ ስላልነበራቸው» የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማዋለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ሌሊት ነው። ቀኑ 25 ቢሆን ኖሮም ያው ኩሽና ነበርኩ።

ጴንጤ ነኝ፦ እህቴ፣ ከዚህ በኋላ እኔ ምን እላለሁ።

ባለ ነጠላው፦ እኔም። ግን ልጁ ጥበቃውን ይልመድ፣ እሱን አልለቅም።

የሁለት ልጆች እናት፦ እሺ፣ ወሰንኩ። በ25 ስጦታውን ይክፈት፣ ኬኩ የጾም ይሆናል። ለታኅሣሥ 29 ለአስተማሪው ጽፌያለሁ፤ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድሮ ጠዋት ይተኛል። አለቃዬን ግን ገና አልጠየቅኩም።

ከገልፍ፦ የጾም ኬኩን አሠራር ላኪልኝ።