ገና በሙከራ ላይ ላለ የማርበርግ ክትባት ክንዳችንን እንስጥ?

ጠያቂው (ቱሉ ዲምቱ)
ጎረቤቶች እንደምን አመሻችሁ። እሁድ እድር ላይ ያነሳነው ጭቅጭቅ ሳያልቅ ተበተንን፤ እዚህ እንጨርሰው። ኅዳር 2018 ጂንካ ላይ ማርበርግ መግባቱ በተነገረ ሰሞን እኛ ብሎክ ድረስ ሰው መጨባበጥ አቁሞ ነበር። ማርበርግ እንደ ኢቦላ ደም ከሚያፈሱት ትኩሳቶች አንዱ ነው። ፈቃድ ያገኘ ክትባት የለውም። በሙከራ ላይ ያሉ ግን አሉ። ሙከራው ወደ እኛ ቢመጣ እንቀበል? ወይስ "ሌላ አገር ይሞከርና ይምጣ" እንበል?

እኔ እንቀበል ባይ ነኝ። ሩዋንዳን እዩ (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን ሁላችንም በፈረንጅ አቆጣጠር እንጻፍ)። በ2024 ማርበርግ ሲገባባት 66 ሰው ታመመ፣ 15 ሞተ። አብዛኞቹ ታማሚዎች ጤና ባለሙያዎች ነበሩ። በሽታው በታወጀ በአሥር ቀን ውስጥ 700 ዶዝ የሙከራ ክትባት ኪጋሊ ደርሶ ለነርስና ለሐኪም መሰጠት ጀመረ። ኡጋንዳ ግን በ2022 ሱዳን የሚባለው የኢቦላ ዓይነት ሲገባባት፣ ለዚያ ዓይነት የተሠራው የሙከራ ክትባት የደረሰው ዲሴምበር ላይ፣ ወረርሽኙ ሊያበቃ ሲል ነው። ለማን ይሰጥ? በ2025 ሲመለስባት ግን ዝግጁ ስለነበረች በአራት ቀን ውስጥ መክተብ ጀመረች። "ይሞከርና ይምጣ" ያለ አገር ሁሌም ዲሴምበር ላይ ነው የሚደርስለት።

የመንታዎቹ እናት
ወንድሜ፣ ያልከው ገብቶኛል። ግን ለምን ሁሌ እኛ? በ1996 ናይጄሪያ ካኖ ላይ ማጅራት ገትር ገብቶ ሕዝቡ ሲጨነቅ፣ አንድ የውጭ መድኃኒት ኩባንያ አዲስ መድኃኒቱን በሕጻናት ላይ ሞከረ። 200 ልጆች ነበሩ። አዲሱን ከወሰዱትም ማወዳደሪያውን ከወሰዱትም በድምሩ 11 ሞቱ። ወላጆች "ሙከራ መሆኑን የነገረን የለም" አሉ። ካሳ የተከፈለው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እኔ ክትባት አልጠላም፤ ልጆቼ አንድም አልቀረባቸውም። ግን የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

ነርሷ
እህቴ፣ የካኖው እውነት ነው፤ አላስተባብልም። "ሁሌ እኛ" የሚለውን ግን የኢቦላ ክትባት ታሪክ አይደግፈውም። ትንሽ ልዘርዝረው።

ሥራው የተጀመረው ካናዳ ዊኒፔግ ነው። ሄይንዝ ፌልድማን የሚባል ጀርመናዊ የቫይረስ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ናቸው። የከብትን አፍ የሚያቆስል አንድ ቫይረስ አለ፤ ሰውን ብዙም አይጎዳም። የእሱን የላይ ልብስ አውልቀው የኢቦላን አለበሱት። ሰውነታችን ልብሱን አይቶ ጠላቱን ይለያል። ውስጡ ኢቦላ ስለሌለ ክትባቱ ኢቦላ ሊያሲዝ አይችልም። ያንኑ ቫይረስ የማርበርግን ልብስ አልብሰውም ሌላ ክትባት ሠሩ። በ2005 ሁለቱም በየበሽታቸው ጦጣዎችን ማዳናቸው ታተመ።

የኢቦላው በሰው ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ ክንድ ሰጪዎች ውስጥ የጄኔቫና የሃምቡርግ ሰዎች ነበሩበት። ከእኛ በኩል ጋቦንና ኬንያ። ጄኔቫ ላይ አንዳንዶቹን መገጣጠሚያቸውን ሲያማቸው ሙከራው ቆመ፤ መጠኑ ተቀንሶ ቀጠለ። ከዚያ በ2015 ጊኒ ላይ በታማሚው ዙሪያ ያሉትን ሰዎች ቶሎ መክተብ ተጀመረ። ወዲያው ከተከተቡት ውስጥ ከአሥረኛው ቀን በኋላ አንድም ሰው በኢቦላ አልታመመም። ይሄን ጊኒ ካልሆነ የት ማወቅ ይቻላል? ጄኔቫ ኢቦላ የለም።

ባለ ሚኒባሱ
አንድ ነገር ልጠይቅ። 2005 ላይ ጦጣ ካዳነ፣ 2014 ላይ ምዕራብ አፍሪካ ከ11,000 በላይ ሰው ሲያልቅ የት ነበር?

ነርሷ
መደርደሪያ ላይ። "ገበያ የለውም" ተብሎ። ይሄ ባሰብኩት ቁጥር ያበሽቀኛል። ፈቃድ ያገኘውም በ2019 ነው።

የመንታዎቹ እናት
አያችሁ! ያዘገየው የእኛ እምቢታ አይደለም። እኛ ክንድ ሰጥተን፣ ክትባቱ ጸድቆ፣ ኋላ ለጂንካ እናት ይደርሳል ወይ? ጭንቀቴ እሱ ነው።

ጋሽ (ጡረተኛ፣ ገላን)
ልጆቼ፣ ይቺ ልጅ ያነሳችው ነገር አጥንት ድረስ ይሰማኛል። የቢጫ ወባ ክትባት ከ1937 ጀምሮ ነበረ። ከ1960 እስከ 1962 ቢጫ ወባ ኦሞ ሸለቆ ገብቶ ወደ 100,000 ሰው አመመ፣ 30,000 ያህሉ ሞተ ይባላል። ቢጫ ወባም ከእነዚሁ ደም ከሚያፈሱት ወገን ነው። ክትባት ነበረ፤ ለእነሱ ግን አልደረሰም። ጂንካም እዚያው አካባቢ ናት።

ግን ሌላም ያየሁት አለ። ዕድሜዬን የፈጀሁት የከብት ክትባት ላይ ነው። የደስታ በሽታን ታውቁት ይሆን? በክፉ ቀን ዘመን በሬ ጨርሶ አገር ያስራበው እሱ ነው። በበረዶ ሳጥን ክትባት ይዘን ቆላ እንወርድ ነበር። ሳጥኑን ነቅነቅ አድርገን በረዶው ቀልጦ ሲንቦጫቦጭ ከሰማን፣ ባለከብቶቹ ቆመው እያዩ የያዝነውን ሁሉ እንጥለዋለን። የቀለጠ ክትባት ወግተህ ከብቱ ቢሞትበት ገበሬው ሁለተኛ በረቱን አይከፍትልህም። በ2011 በሽታው ከምድር ጠፋ ተባለ። ክትባቱን ቢሾፍቱ ላይ፣ በራሳችን ሰዎች እጅ እንሠራ ነበር። ከቱሉ ዲምቱ የክፍያ ጣቢያ በፈጣን መንገዱ ግማሽ ሰዓት ነው። ለከብት ከቻልን ለሰው የማንችልበት ምክንያት አይታየኝም። ሙከራ ሲመጣ "ክንድ እንሰጣለን፤ አሠራሩንም አስተምሩን" ይባል።

ጠያቂው
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ "ቶሎ ይምጣ" ላይ ብቻ ነበርኩ፤ "ኋላስ ለማን ይደርሳል" የሚለውን አላሰብኩትም። አፍሪካ ከምትጠቀመው ክትባት ራሷ የምታመርተው 1 በመቶ ያህሉን ነው። በ2040 60 በመቶ እናድርሰው ብላለች። ቂሊንጦ የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ እዚሁ አጠገባችን ነው።

ባለ ሚኒባሱ
እኔ አልተለወጥኩም። ሰፈሬ ቧንቧው በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። እጅ የምንታጠብበት ይቅደም።

ነርሷ
ወንድሜ፣ ውኃውም ያስፈልገኛል። ማርበርግ የያዘው ሰው ቢመጣ መጀመሪያ የምነካው ግን እኔ ነኝ። ጤና ጣቢያችን መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ የክትባት ፍሪጁን ቴርሞሜትር እያየሁ እቆማለሁ፤ ከ8 ዲግሪ እንዳያልፍ። የኢቦላው ክትባት ሲከማች ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ይፈልጋል። ስለዚህ ሙከራው ሲመጣ ማቀዝቀዣውም አብሮ ይምጣ፤ ሙከራው ሲያልቅም እዚሁ ይቅር።

የመንታዎቹ እናት
የስምምነት ቅጹ በአማርኛ ይምጣ። ለጂንካ ሰው በአሪኛ። ማንበብ ለማይችል ሰው ይነበብለት፣ "አልፈልግም" ካለም በሰላም ወደ ቤቱ ይሂድ። ይሄ ከተሟላ የራሴን ክንድ እሰጣለሁ። የልጆቼን ግን አልሰጥም፤ ትልልቁ ሰው ተሞክሮ ውጤቱ እስኪታይ።