የመኪና ዕቃ ሻጮች ማኅበር የ2018 የጋራ ግዢ ዕቅድ፦ ረቂቁ ላይ ሐሳብ ስጡ

ገንዘብ ያዥ፦ የ2017 ሒሳብ ተዘግቷል። ትርፉን አይታችሁ ደስ ያላችሁ አላችሁ። እኔን አላስደሰተኝም። የበጀት ዓመቱ ገና ሦስት ሳምንቱ ሳለ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ የዶላር ዋጋ ለገበያ ተለቀቀ። መጋዘን የነበረው ዕቃችን የገባው ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ሳለ ነው። 20 ዶላር የሚያወጣ የፍሬን ሸራ ያኔ 1,140 ብር ነው። እኛ 1,900 ሸጥነውና ትርፍ ብለን ጻፍን። ዶላሩ 120 ሲያልፍ ያው ሸራ 2,400 ገባ፤ ቀረጡና ማጓጓዣው ሳይጨመር። የሸጥንበት ብር አንዱን እንኳ አይተካም። አምና ሐምሌ ሦስት መደርደሪያ ሙሉ ሸራ ነበረን። ዘንድሮ አንዱ አልሞላም። በዚህ የወረቀት ትርፍ ላይ 30 በመቶ ግብር አለ፤ እስከ ጥቅምት 30 ይከፈላል። ስለዚህ ትርፉ አይከፋፈል። እያንዳንዳችን 50 ሺህ እንጨምርና ሸራ፣ ፍሪሲዮንና ባሌስትራ (የመኪና ሞላ) በአንድ ላይ ከአስመጪ እንግዛ። በደላላ እጅ መግዛት ይብቃ።

የሸዋ ሮቢቱ፦ ግዢው ላይ ተስማምቻለሁ። ግን ረቂቁ ላይ «ጣርማበር የጋራ መደብር» የሚለውን ስም ማን ጻፈው?

ጸሐፊ፦ እኔ። ደጋውንና ቆላውን የሚያገናኘው የጣርማበር ተራራ መንገድ ነው፤ ዋሻው ያለበት።

የሸዋ ሮቢቱ፦ እኔ በሬ ላይ አልሰቅለውም። ፍሬኑ አልይዝ ያለው ሾፌር ከዚያ ቁልቁለት በስንት መከራ ወርዶ ይመጣል። ገና ላቡ ሳይደርቅ ጣርማበር የሚል ታፔላ ላሳየው?

የደብረ ሲናዋ፦ ምን ማለትህ ነው? እኛ ከዋሻው ሥር ነው የምንኖረው። ጣርማበር የአደጋ ስም ብቻ ነው እንዴ?

የሸዋ ሮቢቱ፦ ለእናንተ አገር ነው። ለሾፌር ግን ገደል ነው። ደንበኛዬን የማውቀው እኔ ነኝ።

የጫጫው፦ 50 ሺው ይከብደኛል። እሱን ብንነጋገር?

የደብረ ሲናዋ፦ ቆይ፣ ይሄ ይጥራ። ባለፈው ማኅተሙን ስናስቀርጽም የእኛ ከተማ ተዘሎ ነበር። ዝም አልን። አሁን አንድ ስም ወደ እኛ ሲቀርብ ገደል ተባለ።

የአጣዬው፦ ሰሜን ሸዋ በሉትና ተገላገሉ።

የጠባሴው፦ እሱማ የሁሉም ድርጅት ስም ነው። ደረሰኝ ላይ ከማን ጋር ሊምታታ ነው?

የአጣዬው፦ እንግዲያው ስም ይቅር።

ጸሐፊ፦ ያለ ስም ባንክ ሒሳብ አይከፍትም። እኔ አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ ነው የጻፍኩት። ከዚህ በኋላ ረቂቅ የሚጽፍ ይፈለግ።

የሸዋ ሮቢቱ፦ አኩራፊነት አያስፈልግም።

ጸሐፊ፦ አንተ ደግሞ የዘንድሮውን መዋጮ መቼ ከፈልክና ነው?

የሸዋ ሮቢቱ፦ መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት ሱቄን አልከፈትኩም። ይሄን እያወቅህ በሰው ፊት ታነሳዋለህ? ነውር ነው።

የጠባሴው፦ ሁለታችሁም ተዉ። እኔ ሸራ ስሸጥ ፀጉሬ ሸብቷል፤ አንድ ነገር ልናገር። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 አካባቢ። ይሄን ሁሉ ሾፌሩ ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተር ይዞ መውረድ ነበረበት። አንዳንዱ ግን ከዋሻው ጀምሮ ፍሬን ላይ ቆሞ ይወርዳል። ሸራው ይግላል፣ ይጨሳል፣ ከዚያ መያዝ ይተዋል። ርካሹ ሸራ ቀድሞ ይከዳል። አምና እኛው የሸጥነው ሸራ ተቃጥሎ ሰው ይዞልኝ መጥቷል። እንደከረፋ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። እግዜር ይስጠው፣ መኪናውን ዳገት አስደግፎ አትርፎታል። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ገንዘብ ያዡ የሚለው ግዢ ለእኔ የትርፍ ነገር ብቻ አይደለም። ከየት እንደመጣ የምናውቀውን ሸራ እንሽጥ ነው የምለው።

የሸዋ ሮቢቱ፦ ጋሼ፣ ይሄን በደንብ አውቃለሁ። እኔ ዘንድ ነው ሲጨስ የሚደርሰው። ለተናገርኩት ይቅርታ፣ እህቴ። ስሙን ግን አሁንም አልቀበልም።

የደብረ ሲናዋ፦ ይቅርታውን ተቀብያለሁ። ስሙን ደግሞ አልተውም።

ገንዘብ ያዥ፦ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ከሦስት አስመጪ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ማን ይሄዳል?

የአጣዬው፦ ሰኞ መርካቶ ነኝ። እኔ አመጣለሁ።

የጫጫው፦ ስለ 50 ሺው ማንም አልመለሰልኝም። ግማሹን ትርፍ እንከፋፈል፣ ግማሹ ለግዢ ይቅር። ልጅ የሚያስተምር አለ፤ መስከረም ደርሷል።

የጠባሴው፦ በግማሽ ብር ባሌስትራ አይነካም።

የጫጫው፦ ባትሪና ዘይት ይነካል። ጥቅምት ሲገባ በደብረ ብርሃን ውርጭ ደካማ ባትሪ መኪና አያስነሳም። ያመጣነው ባትሪ በሳምንት ተሸጦ ያልቃል። ሸራ መደርደሪያ ላይ ስንት ወር ነው የሚቀመጠው?

ጸሐፊ፦ ይሄ ያስኬዳል። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ሰው ያረጀችውን እያስጠገነ ነው የሚነዳው። የቤት መኪና ዕቃ ገበያ አለው። ጽፌዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ ያልኩት የቤት መኪና አይደለም። አይሱዙና ሲኖትራክ ነው። ይሄ መንገድ እስከ ደሴ የጭነት መንገድ ነው።

የደብረ ሲናዋ፦ ባትሪ ከሆነ ውርጩ ደጋ ላይ ነው፤ ቆላው ምን ይሸጣል? ለደብረ ብርሃን ብቻ የተሰላ ነው።

የጫጫው፦ ዘይት ለሁሉም ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ማክሰኞ ሆነ። ፕሮፎርማው የት ደረሰ? ስልክ እየደወልኩ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ሐሙስ ነው። አጣዬ፣ ካልሄድክ አልሄድኩም በል። ሌላ ሰው እንልካለን።

ጸሐፊ፦ የተሻሻለው ረቂቅ ይኸው። ትርፉ ግማሹ ይከፋፈላል። መዋጮው 15 ሺህ። የመጀመሪያ ግዢ ባትሪና የሞተር ዘይት። ስሙ ለጠቅላላ ጉባኤ ተላልፏል፤ እስከዚያ ታፔላ አይሰቀልም።

የደብረ ሲናዋ፦ «ተላልፏል» ሳይሆን «ጣርማበር የሚለው እንዳለ ሆኖ ተላልፏል» ይባል።

የሸዋ ሮቢቱ፦ እንደዚያ ከተጻፈ አልፈርምም።

የጠባሴው፦ ሸራው የታል? ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ የለም።

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ ብሩ አልበቃም። ለሁለተኛው ዙር ይታያል ብያለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ እሁድ ጠዋት 3 ሰዓት መጋዘን እገኛለሁ። ባዶውን መደርደሪያ መጥታችሁ እዩት። ከዚያ በኋላ የምትፈርሙትን ፈርሙ።

የጫጫው፦ እሁድ ሠርግ አለብኝ።