የትምህርት ቤት ትረስት አሠራር የምታውቁ፣ እባካችሁ አስረዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ለንደን ነው። አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት አዲስ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለመክፈት የሚሯሯጥ ቡድን ይደግፋል። እኔንም ቦርድ ውስጥ ግባ ብለውኛል። ደመወዝ የለውም፤ እሱ አያሳስበኝም።

እስካሁን የገባኝ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 የአካዳሚ ሕግ ወዲህ እንግሊዝ ውስጥ «ፍሪ ስኩል» የሚባሉት ትምህርት ቤቶች ገንዘባቸውን ከመንግሥት ያገኛሉ። ወላጅ አይከፍልም። የሚያስተዳድራቸው ግን የአካባቢው ምክር ቤት ሳይሆን፣ ራሱም በጎ አድራጎት የሆነ «ትረስት» የሚባል ድርጅት ነው።

ግራ የገባኝ ከዚህ በኋላ ነው። ትረስቱ «አባላት» አሉት፣ «ትረስቲዎች» አሉት፤ ትረስቲዎቹ እኔ ግባ የተባልኩበት ቦርድ ላይ የሚቀመጡት ናቸው። አባላቱ ትረስቲዎችን መሾምና ማንሳት ይችላሉ። ደጋፊው ድርጅት ደግሞ አባላቱን እኔ ልሰይም እያለ ነው። ታዲያ ነገ ርዕሰ መምህር ስንቀጥር ውሳኔው የኛ ነው ወይስ የነሱ? ይባስ ብሎ ድርጅቱ ሥልጠናና የሒሳብ ሥራ ሊሸጥልን ያስባል። እንዲህ ያለ የቅርብ ወገን ማትረፍ የለበትም ይባላል። በተግባር ይህን የሚያጣራው ማን ነው?

እዚህ አገር የትምህርት ቤት ቦርድ ላይ የተቀመጣችሁ፣ ከመፈረሜ በፊት የትኞቹን ሰነዶች ልይ? መተዳደሪያ ደንቡን ስጠይቅ «ገና ረቂቅ ነው» ብለውኛል።